ከእሳት በኋላ መጥረቢያ

ሰደድ እሳት ያለፈበት ደን ሲያዩት ያለቀለት ይመስላል። መሬቱ አመድ ለብሷል፤ ዛፎቹ ከሰል መስለው ቆመዋል። ይሁን እንጂ እሳት ከአንድ ትልቅ ዛፍ የሚበላው በአብዛኛው ቅጠሉን፣ ጭራሮውንና የቅርፊቱን ላይ ላዩን ነው፤ ግንዱ ውስጡ ሳይነድ ይቀራል። ደኑንም ሁሉ እኩል አይፈጀውም። ነፋስ የሚበዛበትን ተረተር ሙልጭ አድርጎ ሲያነድ፣ አጠገቡ ባለው እርጥብ ሸለቆ ሣሩንና የረገፈውን ቅጠል ብቻ ልሶ ያልፋል፤ ሌላውን ጥግ ጨርሶ አይነካውም። እሳቱ ሲበርድ የሚታየው የሞተ፣ የቆሰለና ደህና የሆነ ዛፍ የተቀላቀለበት ዥጉርጉር መሬት ነው። ደኑ እንደገና የሚነሣውም ከዚህ ቅይጥ ነው።

ከእንዲህ ያለ ደን ቆመው የቀሩትን ዛፎች ቆርጦ ለጣውላ ማውጣት በሰሜን አሜሪካ፣ በአውስትራሊያና በደቡብ አውሮፓ የቆየ አሠራር ነው። ደጋፊዎቹ እንጨቱ በስብሶ ከሚባክን ቢሸጥ ይሻላል፣ የደረቀው ግንድ ቢነሣ የሚቀጥለው እሳት ማገዶ ያጣል፣ መሬቱም ሲጸዳ ችግኝ ለመትከል ይመቻል ይላሉ። ለጆሮ የሚጥም ክርክር ነው። ካለፉት ሠላሳ ዓመታት ወዲህ የተደረጉት ጥናቶች ግን በአብዛኛው ወደ ሌላ መደምደሚያ ያመራሉ፤ ቁረጣው እሳቱ ያደረሰውን ጉዳት አይጠግንም፣ ደኑ ከመጀመሪያው ጉዳት ሳያገግም ሁለተኛ ይጨምርበታል።

የደረቀ ዛፍ ለጣውላ ነጋዴ ጊዜው እያለፈበት ያለ ሸቀጥ ነው፤ ለደኑ ፍጥረታት ደግሞ ቤትም ቀለብም ነው። ጭሱ ገና ሳይጠፋ ሜላኖፊላ የሚባሉ ጥቁር ጥንዚዛዎች ይደርሳሉ። በደረታቸው ጎን የኢንፍራሬድ ጨረርን የሚለይ የስሜት አካል ስላላቸው ሌላው ነፍሳት የሚሸሸውን እሳት እነሱ ፈልገው ይመጣሉ። ጤነኛ ዛፍ ሊቦረቡረው የሚመጣውን ትል በሙጫው ይከላከላል፤ በእሳት የሞተ ዛፍ ግን ይህ መከላከያ ስለሌለው ከቅርፊቱ ሥር እንቁላል ለመጣል የተመቸ ነው። ሌሎች እንጨት በል ጥንዚዛዎችም ይከተላሉ፤ እጮቻቸው በግንዱ ውስጥ እየበሉ ያድጋሉ።

እጩ ባለበት ጥቁር ጀርባ ግንደ ቆርቁር የሚባለው የሰሜን አሜሪካ ወፍ አይጠፋም። ጀርባው የከሰል ቀለም ስላለው በተቃጠለ ግንድ ላይ ሲለጠፍ ለዓይን ያስቸግራል። በሞንታና ዩኒቨርሲቲ የወፎች ተመራማሪ የነበረው ሪቻርድ ሃቶ እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተመው ጥናት በሰሜናዊ የሮኪ ተራሮች አካባቢ ይህ ወፍ ከሞላ ጎደል የሚገኘው በቅርቡ በተቃጠለ ደን ውስጥ ብቻ መሆኑን አሳይቷል። የእጮቹ ብዛት እስኪቀንስ ድረስ ጥቂት ዓመታት ይቆይና ወደ ሌላ ቃጠሎ ይሄዳል። በቆይታው ግንዱን እየፈለፈለ የሚሠራቸውን ጎጆዎች እሱ ሲለቃቸው ራሳቸው መፈልፈል የማይችሉ ትናንሽ ወፎችና ሽኮኮ መሰል እንስሳት ይወርሷቸዋል። ይህ ግንደ ቆርቁር የሚመርጠው እሳቱ አጥብቆ ያነደደውን፣ ዛፉ ጥቅጥቅ ያለውን ቦታ ነው፤ ጣውላ አውጪውም የሚመርጠው ያንኑ ነው። ስለዚህ ከተቃጠለው ደን ጥቂት መቶኛ ብቻ ተቆረጠ ቢባል እንኳ ያ ጥቂት መቶኛ ለወፉ ከሁሉ የተሻለው ክፍል ሊሆን ይችላል።

ቆሞ የደረቀው ዛፍ ውሎ አድሮ ይወድቃል። የወደቀ ወፍራም ግንድ በተዳፋት ላይ ተጋድሞ አፈር ይይዛል፤ ሲበሰብስ ውኃ ይጠጣና በበጋ እርጥበት ይዞ ይቆያል፤ ፈንገስና ሦስት አፅቄዎች ቀስ በቀስ እየፈቱት ንጥረ ነገሩን ለአፈሩ ይመልሳሉ። ጅረት ውስጥ ሲወድቅ ደግሞ ውኃውን እያገደ ጥልቅና ቀዝቃዛ ኩሬ ይሠራል፤ በፓስፊክ ዳርቻ ባሉት የአሜሪካ ግዛቶች የሳልሞን ጫጩቶች የሚጠለሉት በእንዲህ ያለ ኩሬ ነው። ትልልቁ ግንድ ይህን አገልግሎት ለብዙ አሥርት ዓመታት ይሰጣል። ከተወሰደ በኋላ የሚተካው የለም፤ አዲሱ ዛፍ ያን ያህል ወፍሮ እስኪደርቅ ድረስ መቶ ዓመትና ከዚያ በላይ መጠበቅ ግድ ነው።

ዘሩም ያለው እዚያው ነው። ሎጅፖል ፓይን የሚባለው የተራራ ዛፍ ብዙ ጊዜ ፍሬውን በሙጫ አሽጎ ለዓመታት ይይዛል፤ ሙጫው የሚቀልጠው በእሳት ሙቀት ስለሆነ ዛፉ ሲሞት ዘሩ አመዱ ላይ ይረግፋል። እ.ኤ.አ. በ1988 የየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ከሲሦ የሚበልጠው ክፍል በእሳት ሲነካ ፓርኩ ጨርሶ ጠፋ ተብሎ ነበር። የተቃጠለው ደን ለጣውላ አልተቆረጠም፣ በሰው እጅም አልተተከለም። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ በብዙ ሥፍራ ቡቃያው መሬቱን ሸፈነው፤ በአንዳንድ ቦታ በአንድ ሄክታር ከመቶ ሺህ በላይ ተቆጥሯል።

ታዲያ ጉዳቱ ከየት ይመጣል? አብዛኛው መልስ ጊዜው ላይ ነው። የተቃጠለ እንጨት ዋጋ በፍጥነት ይወርዳል። ግንዱ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጥንዚዛው ይበሳዋል፤ ፈንገስ ሰማያዊ ቀለም ያስይዘዋል። ቀጭኑ ዛፍ በአንድ በሁለት ዓመት፣ ወፍራሙ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለጣውላ የማይረባ ይሆናል። ስለዚህ ቆራጩ የሚቸኩለው ከእሳቱ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ዓመታት ነው። አፈሩ ራቁቱን የሚሆነው፣ ቡቃያው ብቅ የሚለው፣ ቁጥቋጦው ሥር የሚሰደውም በእነዚሁ ዓመታት ነው። ገበያው ግባ የሚለውና መሬቱ አትንካኝ የሚለው ወቅት አንድ ሆኖ ይገኛል።

የአፈሩን ነገር በዝርዝር ማየት ይገባል። ኃይለኛ እሳት የረገፈውን ቅጠልና የላይኛውን ብስባሽ ካነደደ በኋላ ጠብታ የሚያበርድ ሽፋን አይቀርም። አልፎ አልፎ ከላይኛው አፈር ሥር ውኃ የማያስገባ ሰም መሰል ንጣፍ ይፈጠራል፤ ዝናቡ መስረግ አቅቶት ወደ ታች ይንደረደራል። በዚህ ጊዜ አፈሩን የያዘው ገና ያልበሰበሰው የሞቱ ዛፎች ሥርና መሬት ላይ የተጋደመው እንጨት ነው። ግንድ ጎታች ማሽን ሲገባበት መሬቱ ተጠቅጥቆ ይጠነክራል፤ ጎማውና የሚጎተተው ግንድ የሠሩት ቦይ የጎርፍ መውረጃ ይሆናል፤ ለማመላለሻ የሚቆረጠው መንገድም ደለሉን ወደ ጅረቱ ያደርሰዋል። በምዕራብ አሜሪካ በተቃጠሉ ተዳፋቶች ላይ ደለል እየለኩ ያነጻጸሩ ተመራማሪዎች ግንድ የተጎተተበት መሬት ካልተነካው በብዙ እጥፍ የበለጠ አፈር እንደሚያጣ አግኝተዋል። ቅርንጫፉን በማሽኑ መሄጃ ላይ መነስነስ መሸርሸሩን ይቀንሳል፤ ግንዱን በሄሊኮፕተር ማንሳት ደግሞ መሬቱን ብዙም አይነካም፣ ወጪው ግን ከባድ ነው።

ክርክሩን ከቤተ ሙከራ ወደ ሕዝብ ያወጣው የቢስኪት እሳት ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ ወር 2002 በኦሪገን ግዛት ደቡብ ምዕራብ፣ በሲስኪዩ ተራሮች፣ መብረቅ የለኮሰው ይህ እሳት ወደ 200,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት አዳረሰ። አካባቢው በዕፅዋት ብዛት ከአሜሪካ እጅግ ሀብታም ከሚባሉት ሥፍራዎች አንዱ ነው። የአገሪቱ የደን አገልግሎት ከተቃጠለው ደን ከፍተኛ መጠን ያለው እንጨት ለመሸጥ ዕቅድ አወጣ፤ የጣውላ ፋብሪካዎች ደገፉት፣ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበራት ተቃወሙት፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ቁረጣው በብዙ ቦታ የተጀመረው እሳቱ ከጠፋ ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ነው።

በኦሪገን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበረው ዳንኤል ዶናቶ ከአምስት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ የተቆረጠውንና ያልተቆረጠውን መሬት በየቦታው እየዞረ ቡቃያ ቆጠረ፣ መሬት ላይ የወደቀውንም እንጨት ለካ። ሰው ባልነካው ቃጠሎ ውስጥ በአንድ ሄክታር 767 ያህል በራሳቸው የበቀሉ የጥድ ዓይነት ቡቃያዎች ተገኙ፤ የአካባቢው የደን ልማት መመዘኛ በቂ ነው ከሚለው በላይ ነው። በተቆረጠው መሬት ላይ የቀረው 224 ብቻ ነበር፤ 71 በመቶው ጠፍቷል። ያጠፋው አፈሩ መታመሱና ቡቃያው በተጎተተው እንጨት መቀበሩ ነው። ሁለተኛው ግኝት ደግሞ የቁረጣውን ዋና ምክንያት የሚነካ ነበር፤ ለእሳት ማገዶ የሚሆነው መሬት ላይ ያለው እንጨት በተቆረጠው ቦታ ቀንሶ ሳይሆን ጨምሮ ተገኘ።

ምክንያቱን እሳት አቀጣጥሎ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል። ጉልቻ መካከል የሚቀጣጠለው ጭራሮው ነው እንጂ ወፍራሙ ግንድ አይደለም። ቆራጩ የሚጭነው ግንዱን ነው፤ ቅርንጫፉና ጭራሮው ግን እዚያው መሬት ላይ ይቀራል። ዛፉ ሳይቆረጥ ቢቆይ ያ ጭራሮ ለዓመታት ከፍ ብሎ ተንጠልጥሎ፣ በትንሽ በትንሹ እየረገፈ፣ የረገፈው እየበሰበሰ ይሄድ ነበር። መሬት ላይ የቀረውን ሰብስቦ በጥንቃቄ ማቃጠል ይቻላል፤ ገንዘብና ጉልበት ስለሚጠይቅ ብዙ ጊዜ አይደረግም፣ ቃጠሎውም ራሱ የቀረውን ቡቃያ ይፈጃል።

ጥናቱ እ.ኤ.አ. በጥር 2006 ሳይንስ በተባለው መጽሔት በአንዲት ገጽ ወጣ። የተከተለው ጫጫታ ከገጹ ስፋት ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የደን ኮሌጅ የሚያስተምሩ አንዳንድ ፕሮፌሰሮች ጽሑፉ በኅትመት እንዳይወጣ መጽሔቱን ጠየቁ፤ አዘጋጆቹ እምቢ አሉ። ለጥናቱ ገንዘብ ይሰጥ የነበረው የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ድጋፉን አገደና ወቀሳ ሲበዛበት መልሶ ለቀቀ። በዚያን ጊዜ ከእሳት በኋላ የሚደረገውን ቁረጣ የሚያፋጥን ሕግ በኮንግረስ ቀርቦ ነበር፤ በ2006 ግንቦት የተወካዮች ምክር ቤት ቢያጸድቀውም ሕግ ሆኖ አልወጣም።

ከተቺዎቹ ቃል ሁለቱ ሊሰሙ የሚገባቸው ናቸው። አንደኛው ጥናቱ የጥቂት ጊዜ ቆጠራ ነው የሚል ነው፤ ዛፍ በመቶ ዓመት እንጂ በሁለት ዓመት አይለካም። ሁለተኛው ቁረጣው ሳይዘገይ ቢከናወን ኖሮ ቡቃያው ገና ስላልወጣ ያ ሁሉ አይጠፋም ነበር የሚል ነው። ሁለተኛው እውነት አለው፤ ነገር ግን ቶሎ መግባት ማለት አፈሩ በጣም በደከመበት ጊዜ መግባት ነው። ቡቃያውን ለማትረፍ ሲባል አፈሩ ይጎዳል፣ አፈሩን ለማሳረፍ ሲባል ቡቃያው ይረገጣል።

ስለ ረጅሙ ጊዜ ያው መሬት ሌላ ማስረጃ ይዞ ተገኝቷል። ቢስኪት ካቃጠለው መሬት ከፊሉ እ.ኤ.አ. በ1987 ሲልቨር በተባለ እሳት ነድዶ ነበር። ያን ጊዜ ከተቃጠለው ደን አንዱ ክፍል ተቆርጦ ችግኝ ተተከለበት፤ ሌላው እንዳለ ተተወ። ከ15 ዓመት በኋላ እሳቱ ሲመለስ ሁለቱም አንድ ዓይነት ፈተና ላይ ወደቁ። ጆናታን ቶምፕሰንና ባልደረቦቹ የሳተላይትና የአየር ፎቶ መረጃ ይዘው በ2007 ባወጡት ውጤት መሠረት ተቆርጦ የተተከለበት መሬት ከተተወው ይልቅ በከፋ ሁኔታ ተቃጥሏል፤ ልዩነቱ እንደ አለካኩ ከ16 እስከ 61 በመቶ ይደርሳል። ዕድሜውና ቁመቱ አንድ የሆነ፣ ቅርንጫፉ እስከ መሬት የሚወርድ ለጋ ተክል በመደዳ ሲቆም እሳቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዝለል አይቸገርም። ተመራማሪዎቹ ቁረጣውንና ተከላውን ለያይተው መመዘን አልቻሉም፤ ሁለቱ አብረው የተደረጉ ነበሩና።

ይህ ውጤት ለሁሉም ደን በሁሉም ጊዜ ይሠራል ማለት አይደለም። በምሥራቅ ኦሪገንና በምሥራቅ ዋሽንግተን ደረቅ ደኖች የተደረገ ሰፊ ጥናት ቁረጣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መሬት ላይ ያለውን እንጨት ቢጨምርም፣ ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት የወፍራሙን ግንድ ክምችት እንደሚቀንስ አሳይቷል። ወፍራም ግንድ እሳት ባያቀጣጥልም ከተያያዘ ለረጅም ጊዜ ስለሚነድ አፈሩን አጥብቆ ያቃጥላል፤ እሳት አጥፊዎችንም ያስቸግራል።

በደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያ፣ በቪክቶሪያ ግዛት፣ ነገሩ የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ዛፉ ሌላ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ የታወቀው ነጭ ባህር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ዘመዱ ማውንቴን አሽ ግን ኃይለኛ እሳት ካገኘው በአብዛኛው ይሞታል፤ ተስፋው ከላይ ከቅርንጫፉ ወደ አመዱ የሚያረግፈው ዘር ብቻ ነው። ከዓለም እጅግ ረጃጅም አበባ አብቃይ ዛፎች አንዱ ሲሆን ወደ 100 ሜትር የሚደርስ አለ። ዘሩ ከእሳቱ በኋላ ወዲያው ስለሚበቅል፣ ማሽን ዘግይቶ ገብቶ ቡቃያውን ከጨፈለቀው ሁለተኛ ዘር የሚሰጥ ዛፍ በቦታው የለም፤ ሰው ካልዘራው ሥፍራውን ሌላ ተክል ይወስደዋል። እሳቱን ችለው እንደገና የሚያቆጠቁጡት ዛፍ የሚያክሉ ፈርኖች እንኳ ከማሽኑ ሰንሰለት አይተርፉም።

የቪክቶሪያ መለያ እንስሳ የሆነው ሌድቢተር ፖሰም፣ በመዳፍ የሚያዝ ትንሽ የዛፍ እንስሳ፣ በአብዛኛው የሚኖረው በዚያች ግዛት ነው። የሚያድረውና የሚወልደው በአሮጌ ዛፍ ሽንቁር ውስጥ ነው፤ ሽንቁሩ ለመፈጠር ደግሞ ዛፉ ከ120 ዓመት በላይ ሊሆነው ይገባል። እ.ኤ.አ. በጥር 1939 ከደረሰው ታላቅ ቃጠሎ በኋላ የሞቱትን ዛፎች ማውጣት ለዓመታት ቀጠለ፤ ቆመው ቢቀሩ ኖሮ ማደሪያ የሚሆኑት ግንዶች በዚያ ሁኔታ ሄዱ። እንስሳው ጠፍቷል ተብሎ ከታመነ በኋላ በ1961 እንደገና ተገኘ። በየካቲት 2009 የ173 ሰዎችን ሕይወት የቀጠፈው ሰደድ እሳት ከመኖሪያው ሰፊ ክፍል ሲያወድም፣ ከዚያ በኋላ የተደረገው ቁረጣ ጭንቀቱን አባባሰው። በአፈሩ ላይ ደግሞ በ2019 የታተመ ጥናት የእሳት ጠባሳ እስከ 80፣ የቁረጣ ጠባሳ እስከ 30 ዓመት ድረስ በንጥረ ነገሩ ላይ እንደሚታይና ሁለቱ የተደራረቡበት መሬት ከሁሉ ይበልጥ እንደሚደኸይ አሳይቷል። ቪክቶሪያ በመንግሥት ደኖቿ ውስጥ ከተፈጥሮ ደን ለንግድ እንጨት መቁረጥን ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ አቁማለች።

በስፔን ሴራ ኔቫዳ ተራሮች በ2005 በተቃጠለ የፓይን ተክል ላይ የተደረገው ሙከራ ለደረቅ አገር ይበልጥ ቅርብ ነው። ከፊሉ መሬት እንደ ልማዱ ሙሉ በሙሉ ሲጸዳ፣ ሌላው እንዳለ ወይም ዛፉ ተቆርጦ ሳይወጣ ተተወ። እንጨቱ በቀረበት ቦታ ቡቃያው በዛ፣ የተተከለውም ችግኝ በተሻለ ሁኔታ ጸደቀ፤ የወደቀው ግንድና ቅርንጫፍ የበጋውን ፀሐይ እየጋረደ፣ እርጥበቱን እያቆየ፣ የዱር እንስሳትንም ግጦሽ እየከለከለ ከለላ ሆኖታል።

ቁረጣን የሚደግፉ የደን ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሡት የቲላሙክን ታሪክ ነው። በሰሜን ምዕራብ ኦሪገን በ1933 የተነሣው ታላቅ እሳት በ1939፣ በ1945 እና በ1951 በዚያው አካባቢ ተመላልሷል፤ ቆመው የቀሩት ደረቅ ዛፎችም ብልጭታ እያሰራጩ እሳቱን አግዘዋል። ይህ መካድ የለበትም። አብሮ የሚነገር ግን አለ፤ የ1933ቱን እሳት የለኮሰው ራሱ የግንድ ማውጣት ሥራ ነበር፣ በቃጠሎዎቹ መካከል ባሉት ዓመታትም የተቃጠለው እንጨት ሲወጣ ነበር። በመንገድ ዳር፣ በመንደርና በኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ያለ ደረቅ ዛፍ ሰው ላይ ስለሚወድቅ መቆረጡ አያከራክርም። ከተማቸው በጣውላ ፋብሪካ ለሚኖር ሠራተኞችም የተቃጠለው እንጨት የጥቂት ዓመታት እንጀራ ነው፤ የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋቾች ይህን ሲዘነጉ ክርክሩ ይከርራል።

መቆረጥ ካለበት የት፣ መቼና ምን ያህል የሚለው ጥያቄ መልስ እያገኘ ነው። ቅጠሉ የጠወለገ ዛፍ ሁሉ የሞተ አይደለም፤ በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ቅጠል የሚያወጣው ብዙ ነው፣ ስለዚህ ተቸኩሎ ምልክት ሊደረግበት አይገባም። ቁልቁለቱና የጅረቱ ዳር ሳይነኩ፣ ወፍራሞቹና አሮጌዎቹ ዛፎች ሳይቆረጡ ይቀራሉ፤ ማሽኑ መሬቱ በበረዶ በጠነከረበት ወይም በደረቀበት ወቅት ይገባል። ዚሞን ቶርን የተባለ ጀርመናዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ከብዙ አገሮች የተሰበሰበ መረጃ ይዘው በ2020 ባወጡት ስሌት፣ በእሳት፣ በነፋስ ወይም በነፍሳት ከተመታ ደን 75 በመቶው ያህል ሳይቆረጥ ቢቀር በዚያ ብቻ ከሚገኙት ዝርያዎች 90 በመቶው ይጠበቃል።

የአየር ንብረቱ እየሞቀ መሄዱ ይህን ሁሉ ያጠብቀዋል። በየሎውስቶንና በአካባቢው ከ1988ቱ ወዲህ የበቀለው ለጋ ደን ገና ዘሩን ሳያከማች ዳግመኛ ሲቃጠል የሚበቅለው ቡቃያ በብዙ እጥፍ ቀንሶ ታይቷል። እንዲህ ባለ ሥፍራና ዘር ሰጪ ዛፍ እጅግ በራቀበት ሰፊ ቃጠሎ ውስጥ ተፈጥሮን ብቻ መጠበቅ ላይበቃ ይችላል። በሲስኪዩ ተራሮች በሕይወት ካለ ዛፍ እስከ 400 ሜትር ድረስ ቡቃያ በራሱ እንደሚበቅል ታይቷል፤ ከዚያ ወዲያ ባለው መሬት ላይ ግን ለሠራተኛው ደኅንነት አስጊ የሆኑትን ዛፎች ብቻ ጥሎ፣ ሌሎቹን እንደቆሙ ትቶ፣ በመካከላቸው ጥላ ባለበት ግንድ ሥር ችግኝ መትከል ይቻላል።